መዳብ ጡረታ ወጣ ላሉን ሰው፦ ከዲናሞ ጠቅላይ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ስልኩን ይዞ መጣና «ይቺን አንብባት፣ እንጀራህን ልትዘጋብህ ነው» አለኝ። «መዳብ፦ ጊዜው ያለፈበት ብረት» የምትል ጽሑፍ ነች። መጀመሪያ ቆሜ አነበብኳት። ከዚያ በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩና ደገምኳት።

ላላያችኋት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። አሉሚኒየምና ፋይበር ስለመጡ መዳብ አያስፈልግም። የቤታችሁን የመዳብ ሽቦ አስነቅላችሁ ለቁራሌው ሽጡትና በአሉሚኒየም ተኩት። መዳብ በትክክል ከታየ ኬሚስቶች «ትራንዚሽን ብረቶች» ከሚሉት ወገን አይደለም። አይዝግም። ለስላሳ ስለሆነም አይሰበርም። ከመሬት ውስጥ ግን በቅርቡ ተሟጦ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ በመዳብ ዕቃ ያደረ ውሃ ስኳርንና ደም ግፊትን ያድናል፣ የመዳብ አምባርም የመገጣጠሚያ ሕመምን ይነቅላል።

ሽቦነቱን ነጥቀው ሐኪም አደረጉት ማለት ነው።

እኔ ኬሚስት አይደለሁም። የተቃጠለ ዲናሞ እየፈታሁ ሽቦውን እንደገና የምጠቀልል ሰው ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ጠዋት ስገባ የምነካው መዳብ ነው፣ ማታ እጄ ላይ የሚሸተኝም እሱ ነው። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ ቂምም የለኝም። ምክራቸው ግን የሰው ቤት ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንሂድ።

«ቀና ብላችሁ እዩ፣ ትልልቁ መስመር ሁሉ አሉሚኒየም ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ከሕዳሴ ግድብ የሚነሳው የ500 ኪሎቮልት መስመርም ቢሆን የመዳብ አይደለም። ምክንያቱ ግን አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ በልጦ አይደለም። የክብደት ጉዳይ ነው። አንድ ኩብ ሴንቲሜትር መዳብ 8.96 ግራም ይመዝናል፣ አሉሚኒየም 2.7 ግራም ብቻ። በማስተላለፍ አቅም መዳብን 100 ብንለው አሉሚኒየም 61 ገደማ ነው። ከመዳብ እኩል እንዲሠራ 1.6 እጥፍ መወፈር አለበት። እንዲያ ወፍሮም ክብደቱ የመዳቡን ግማሽ ነው። አየር ላይ ደግሞ ውፍረት ማንንም አያስቸግርም፣ ቦታ ሞልቷል። ማማው የሚሸከመው እያንዳንዱ ኪሎ ግን ገንዘብ ነው።

ፋይበሩንም እተውላቸዋለሁ። የስልክና የኢንተርኔት መረጃ በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ሲሄድ የመዳብ ገመድ አይደርስበትም። አለቀ። ነገር ግን የፋይበር ብርሃን ምጣድ አያግልም፣ ውሃም አይስብም።

ጸሐፊው መስመሩን አይተው መስመሩ የሚነሳበትንና የሚደርስበትን ረሱ። መነሻው ላይ ጄኔሬተር አለ፣ ሆዱ መዳብ ነው። መድረሻው ላይ የእናንተ ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ቤቱ ዲናሞ አለ። የዲናሞ ሆድ እንደ ሰማይ ሰፊ አይደለም። ሽቦው የሚገባበት ቦይ ተለክቶ የተቆረጠ ነው፣ አይለጠጥም። ወፈር ያለ ሽቦ ላስገባ ብትሉ አይገባላችሁም። በአሉሚኒየም ታስበው የሚሠሩ ሞተሮች አሉ፣ አልክድም። እነሱ ግን ገና ሲወለዱ ሰፋ ተደርገው ነው። ለመዳብ በተሠራ ቦይ ውስጥ መዳብን የሚበልጥ አንድ ብረት ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ብር ነው። የሚበልጠውም ከመቶ ስድስት ቢሆን ነው። ደንበኞቼ ሁሉ የሚያስጠቀልሉት በብር ነው፣ በብር ሽቦ የሚያስጠቀልል ግን እስካሁን አልመጣልኝም።

አንድ ጊዜ አንድ የወፍጮ ቤት ሰው መጣ። አንዱ ዲናሞ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ተቃጥሎበታል። ሌላ ቦታ ነው ያስጠቀለለው። ከፈትኩት። ያ የምናውቀው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ሱቁን ሞላው። ሽቦው ቀይ ነው፣ ላየው ሰው መዳብ ነው። አንዷን ክር ቆርጬ በምላጭ ስፍቃት ከቀዩ ሥር ነጭ ብቅ አለ። አሉሚኒየም ነው፣ ላዩን ብቻ መዳብ የለበሰ። ሰውየው አላመነኝም። «ቀይ አይደለም እንዴ?» ይለኛል ደጋግሞ። ሚዛን አመጣሁ። ያን ዲናሞ የሚሞላው መዳብ አምስት ኪሎ ያህል ነው። ከሆዱ ያወጣሁት ሁለት ኪሎ አልሞላም። ሚዛኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ።

ነገሩ ቀላል ነው። ቦዩ ያው፣ አምፔሩ ያው፣ ሽቦው ግን በመዳብ ከሚሆነው 60 በመቶ ያህል የበለጠ ኤሌክትሪኩን ይቃወማል። ያ ትርፍ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ቫርኒሹን ይበላዋል። ቫርኒሹ ሲያልቅ ሽቦ ከሽቦ ይገናኛል፣ ከዚያ በኋላ ጭስ ነው።

«ጊዜው ያለፈበት» ለሚለው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙራለች። በነዳጅ መኪና ውስጥ ከ20 ኪሎ ብዙም ያልዘለለ መዳብ አለ። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ 80 ኪሎ አካባቢ። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራው በአራት እጥፍ ሲጨመርበት አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አደገኛው ምክራቸው እንምጣ። «የቤታችሁን ሽቦ በአሉሚኒየም ተኩት።» ይህ በአሜሪካ ተሞክሯል። መዳብ በተወደደበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ብዙ ቤቶች በአሉሚኒየም ተዘረጉ። በኋላ የአገሪቱ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ጉዳዩን አስጠና። ከ1972 በፊት በአሉሚኒየም የተዘረጋ ቤት፣ መጋጠሚያው ለእሳት ወደሚያሰጋ ደረጃ የመድረስ ዕድሉ በመዳብ ከተዘረጋው 55 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ጣጣው ሽቦው መሐል ላይ አይደለም፣ ማሰሪያው ላይ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲያገኘው ወዲያው ስስ ልባስ ያወጣል፣ ልባሱም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሲሞቅ ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። በብሎን ሥር ሲጨመቅ ደግሞ ቀስ እያለ ይሸሻል። ዛሬ በካቻቪቴ ጥርቅም አድርጋችሁ ያሰራችሁት ሶኬት እየዋለ እያደረ ይላላል። የላላ ደግሞ እሳት ይተፋል።

እስቲ የእንጀራ ምጣዳችሁን አስቡ። 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ 10 ሜትር ቢሆን፣ ደርሶ መልስ 20 ሜትር ሽቦ ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ከሆነ ግድግዳ ውስጥ 35 ዋት ያህል ሙቀት ይቀራል። በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ብታደርጉት 57 ዋት ይሆናል። ለሰዓታት ስትጋግሩ ግድግዳችሁ ውስጥ የድሮ ባለ 60 አምፖል በርቶ ቆመ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሽቦው ላይ ተበትኖ ሲኖር ነው እንግዲህ። ማሰሪያው ከላላ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል።

በነገራችን ላይ ምጣዱ ውስጥ ያለው ጥምዝምዝ ሽቦ መዳብ አይደለም፣ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው። እዚያ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፣ ሽቦው ኤሌክትሪኩን ተቃውሞ እንዲግል። አንድ ልጅ የተበጠሰ የምጣድ ሽቦ በመዳብ ቀጥሎ ብሬከር እያስዘለለ ቀኑን ሙሉ ሲደክም አይቻለሁ። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ የሚመጣው ወፍራም አሉሚኒየምም ሌላ ነገር ነው። እሱ ለዚያው ተብሎ በተሠራ መጋጠሚያ ነው የሚታሰረው። ከዚያ ተነስቶ ሶኬት ውስጥ መግባት ግን አይቻልም።

«መዳብ ትራንዚሽን አይደለም» የሚለውን ለልጄ አሳየኋት። 11ኛ ክፍል ናት። አየት አደረገችና «አባዬ፣ ሰውዬው ግማሹን ነው ያነበቡት» አለችኝ። እንደነገረችኝ ከሆነ መዳብ 29 ኤሌክትሮን አለው። ብቻውን ሲሆን «ዲ» የሚባለው ክፍሉ በ10 ኤሌክትሮን ሞልቷል፣ እዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን መዳብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ነው ከሌላው ጋር የሚዋሃደው። ያኔ ከዲው አንድ ይጎድልና 9 ይሆናል። የኬሚስቶቹ ትርጉም ደግሞ ይህንን ይቆጥርለታል፦ ብቻውን ሳለም ይሁን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ዲው ካልሞላ ትራንዚሽን ነው። ሁለት ሰጥቶም 10 የሚቀርለት ጎረቤቱ ዚንክ ነው፣ ክርክር የሚነሳውም በእሱ ላይ ነው። «ቀለሙን አይተህ መለየት ትችላለህ» አለችኝ። የመዳብ ሰልፌት ክሪስታል ደማቅ ሰማያዊ ነው፣ የዚንኩ ነጭ። ይሄን ያህል ይበቃል። እኔም የገባኝ ይሄን ያህል ነው።

«አይዝግም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። እንደ ብረት እየተላጠ አይረግፍም። አየርና እርጥበት ግን ይነካዋል። መጀመሪያ ይጠይማል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ በብዙ ዓመት አረንጓዴ ይለብሳል። ኒውዮርክ ወደብ ላይ ያለችው የነፃነት ሐውልት ቆዳዋ 2.4 ሚሊሜትር የመዳብ ሉህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ስትመረቅ የመዳብ ቀለም ነበራት። ዛሬ የምናያት አረንጓዴ ማንም ቀብቷት አይደለም። ያ ልባስ ከሥሩ ያለውን መዳብ ይጠብቃል፣ ለሐውልት ጥሩ ነው። ለማሰሪያ ግን ጥሩ አይደለም። የመኪናችሁን ባትሪ ጫፍ ክፈቱና አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነውን ዱቄት እዩት። አሲዱ የማሰሪያውን መዳብ ሲበላው የሚያወጣው ነው። ጠዋት መኪናው ሲያስቸግር ሞተሩን ከመስደብ በፊት እሱን መጥረግ ነው።

«ለስላሳ ስለሆነ አይሰበርም» ለሚሉት ደግሞ እጃችሁ ይመስክር። ጣት የማትሞላ ቁራጭ ወፍራም ሽቦ ያዙ። እጠፏት፣ መልሷት። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ትታዘዛለች። ጥቂት ጊዜ ስትመላለስ እምቢ ትላለች፣ እጃችሁን መልሳ ትገፋለች። ትንሽ ቆይታ ቀጭ። መዳብ በተቀጠቀጠና በታጠፈ ቁጥር ይጠነክራል፣ ሲጠነክርም ተሰባሪ ይሆናል። ከመሰበሯ በፊት እሳት ላይ አድርጋችሁ ብታግሏት እንደገና ሊጥ ትሆናለች። ብረት ቀጥቃጭ የሆነ ወዳጄ ይህን ባሳየሁት ጊዜ ውሃ ውስጥ ነክሯት እንድትጠነክር ይጠብቅ ነበር፣ ከስንት ዓመት ልምዱ። እሷ ግን ተነክራም ለስላሳ ነች። ግሎ ሲነከር መጠንከር የአረብ ብረት ጠባይ እንጂ የመዳብ አይደለም። መዳብን በደንብ ማጠንከር የፈለገ ቲን ይቀላቅልበትና ነሐስ ያደርገዋል። ዚንክ ከቀላቀለበት ደግሞ እኛ ሱቅ ናስ የምንለው ቢጫው ይወጣል። ይህን ዕውቀት ትናንት የመጣ አታስመስሉት። አክሱም ከወርቅና ከብር ሌላ የመዳብና የነሐስ ሳንቲም ያስመታ ነበር፣ አንዳንዱ ላይ ከንጉሡ ምስል ዙሪያ ስስ ወርቅ ለጥፎበት።

ያልቃል ስለሚለው ብዙ አልልም። ዓለም በዓመት ከማዕድን የሚያወጣው መዳብ ከ22 ሚሊዮን ቶን አይርቅም። አንደኛዋ ቺሊ ናት፣ በአፍሪካ ደግሞ ኮንጎና ዛምቢያ ትልልቅ ናቸው። ተለክቶ የታወቀው ክምችት አንድ ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ጸሐፊው ይህን ለዚያ አካፍለው «ከ45 ዓመት በኋላ ባዶ» አሉን። ክምችት ማለት ግን እንደ ውሃ ታንከር ተሞልቶ የተቀመጠ አይደለም። ዛሬ በሚያዋጣ ዋጋ ይወጣል ተብሎ የተቆጠረው ብቻ ነው። ዋጋ ሲጨምርና አዲስ ቦታ ሲገኝ ቁጥሩ ይለወጣል። ደግሞም መዳብ ቢቀልጥ ቢቀልጥ ጠባዩን አያጣም። በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ተጣርቶ እንደገና ሽቦ ይሆናል። ከኔ ሱቅ የሚወጣውን የተቃጠለ ጥቅል ቁራሌው ነፍሱን ነው የሚወደው። ግራም አትባክንም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ፕላስቲክ የለበሰ ገመድ አቃጥላችሁ መዳቡን አታውጡ። ጭሱ መርዝ ነው፣ ልጆች አጠገቡ ተሰብስበው ሲሞቁ ሳይ ያመኛል። በካተር ላጡት።

አሁን ሐኪሙ መዳብ። እዚህ ላይ መጀመሪያ እውነቱን ልስጣቸው። መዳብ ጀርም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የመዳብ ቅይጦች በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ99.9 በመቶ በላይ የሆኑ ባክቴሪያዎችን እንደሚገድሉ ተቀብሎ መዝግቧቸዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሆስፒታሎች የበር እጀታና የአልጋ ጠርዝ መያዣ በመዳብ ቅይጥ የሚያሠሩት። በመዳብ ዕቃ ባደረ ውሃ ውስጥ አንዳንድ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ እንደሚሞትም በላቦራቶሪ ታይቷል።

ከዚህ ተነስቶ ግን ስኳርና ደም ግፊት ላይ መድረስ ዝላይ ነው። መዳቡ የገደለው ባክቴሪያ ነው፣ ስኳር ደግሞ ባክቴሪያ አይደለም። ሰውነታችን መዳብ ይፈልጋል፣ አዎ። ለአዋቂ ሰው በቀን 0.9 ሚሊግራም ይበቃዋል። ምስር፣ ሽንብራ፣ ጉበት የሚበላ ሰው ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣራ በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። በመዳብ ዕቃ ውስጥ ሎሚ ጨምቃችሁ ወይም ጠጅ አሳድራችሁ ከሆነ አሲዱ መዳቡን እያሟሟው ይመጣል። ከበዛ ሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነው። የጥንት የመዳብ ድስት ውስጡ በቲን የሚለበጠው ለጌጥ መሰላችሁ? ዊልሰን የሚባል በዘር የሚመጣ በሽታም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው በደንብ ተጽፎ የታወቀው። ያለበት ሰው ሰውነቱ የተረፈውን መዳብ ማስወጣት አይችልም፣ ጉበቱና አንጎሉ ውስጥ ይከማቻል። ለእሱ «መድኃኒት ነው ጠጣ» ማለት ምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

አምባሩም ቢሆን ተፈትኗል። በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን 70 ሰዎች የመዳብ አምባርና ማስመሰያ እያፈራረቁ አስደርገው አዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ለሕመሙም ለእብጠቱም የረባ ለውጥ የለም። እጃችሁ ላይ የሚቀረው አረንጓዴ ምልክት በሽታው ሲወጣ አይደለም፣ ላባችሁ መዳቡን ሲነካው ነው።

ይህችን ጽሑፍ ያነበብኩ ሰሞን እትዬ፣ የሰፈራችን ሴት ናቸው፣ ጉልበታቸውን እያሹ ሱቄ መጡ። ጽሑፏን ልጃቸው አንብቦላቸዋል።

«ልጄ፣ ከዚህ ቀይ ሽቦ ለእጄ የምትሆን ቁረጥልኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይሄ የዲናሞ ሽቦ ነው። ቫርኒሽ ተቀብቷል። መዳቡ ቆዳዎን እንኳን አይነካም» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ፋቅልኛ!»

ፋቅኩላቸው። ጠምዝዤ፣ ጫፉን እንዳይቧጭራቸው በፒንሳ አጥፌ ሰጠኋቸው። «የሐኪሙን ኪኒን ግን እንዳያቋርጡ» አልኳቸው።

«ኪኒኑንማ ምን በወጣኝ» አሉ አምባሩን ወደ ብርሃን እያዞሩ፣ «እሱ ነው የሚያስተኛኝ።»